የሲሶው ግማሽ

«ጋሼ፣ ጋሽ ጌጡ አረፉ» አለችኝ ዘነበች በስልክ።

ዘነበች የድሮ ተማሪያችን ናት። ዛሬ የልጆች እናት ሆና ሞላሌ ላይ ከባሏ ጋር እህል ትነግዳለች። እሷ አልፎ አልፎ ካልደወለችልኝ መንዝ ውስጥ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ የምሰማበት ሌላ ጆሮ የለኝም።

«ታሞ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አልከረሙም። ግማሽ ቀን ነው ያመማቸው አሉ» አለችኝ። ሁለታችንም የእሱኑ ድምፅ እየሰማን እንደነበር አውቄያለሁ። በመጨረሻ ያወጣችው እሷ ናት። «አሁን ቢሰሙኝ ‹የምን ግማሽ?› ይሉኝ ነበር» አለችና ሳቅ ጀምራ ሳትጨርሰው አለቀሰች።

መምህር ጌጡን የሚያውቅ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ሻይ ቤት ገብተህ «ግማሽ ዳቦ» ካልክ ከኋላህ «የየትኛው ዳቦ ግማሽ? የትናንቱ ትልቅ ነበር» ይልሃል። ርዕሰ መምህሩ በግምገማ ስብሰባ ላይ «ከግማሽ በላይ የሆነው ተማሪ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ሲሉ እጁን ያወጣል። እጁን ማውጣቱን ያየን ሁሉ አንገታችንን እንደፋለን። «ይቅርታ፣ የምን ግማሽ? መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ነው ወይስ ለአጨዳ የቀሩት ቀርተው ከተረፉት?» ክፋት ኖሮበት አይደለም። ግማሽ የሚባል ነገር ብቻውን ሲሄድ ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም ነበር። የጠፋች በግ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው «የማን ናት?» ሳይል እንደማያልፋት ማለት ነው። «ግማሽ ያለ አባት አይወለድም» ይል ነበር፤ «አባቱን ሳትጠይቅ ወዳጅ አታድርገው።»

ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት የተመደብኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ሥርዓተ ትምህርቱ አዲስ፣ መጽሐፉ አዲስ፣ ስብሰባውም አዲስ። አሮጌው ጣሪያው ብቻ ነበር። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፣ እሱ ሒሳብ። ማደሪያ ስላልነበረኝ የተከራየውን ቤት አካፈለኝ። በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቄ ስለሆነ የመጀመሪያውን ምሽት «እርስዎ» እያልኩ አነጋገርኩት። ድስቱን እያማሰለ ዞር ብሎ አየኝና «አንቱ ያልከኝ እንደሆን ወጡን ብቻህን ትሠራታለህ» አለኝ። ወጥ መሥራት ስለማልችል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አንተ» ሆነ። አሁንም «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ንቀት እንዳይመስልባችሁ።

ሰውየው የዓለም ከተማ ልጅ ነው፣ የመርሐቤቴ። ቆላ ያሳደገው ሰው መንዝ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ እሱን ማየት ይበቃ ነበር። የመጣ ሰሞን በስስ ኮት ሰልፍ ላይ ቆሞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተማሪዎቹ እስክስታ የሚመታ መስሏቸው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን የሚሸፍን የሱፍ ቆብ ገዛ። ቆቡ ከተገዛ ወዲያ ከራሱ አልወረደም። ተኝቶም፣ ክፍል ገብቶም፣ የወረዳ ሹም ፊት ቆሞም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ብቻ ያወልቀዋል። የደብሩ ቄስ ባገኙት ቁጥር «መምህር፣ ሚስት በሩቅ፣ ቆብ በራስ፤ ምን ቀረህ? አንደኛህን መንኩሰህ ገላግለን» ይሉታል። «የቀረኝ ጸሎቱ ነው አባ» ይላል እሱም።

ከቆቡ ቀጥሎ የሚወደው ባናውን ነበር። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ያገሩ ሰው ቀን ይደርበዋል፣ ማታ ይተኛበታል። ሞላሌ ገበያ ሲገዛው አብሬው ነበርኩ። እንደ ሌላው ሰው ውፍረቱን በመዳሰስ ፈንታ ያጥፈው ጀመር። በቁመቱ አጠፈ፣ በወርዱ አጠፈ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጠመ። ሸማኔው ቆሞ ሲያየው ቆየና «ሰውዬ፣ ልትለብሰው ነው ወይስ እንደ ደብዳቤ አጣጥፈህ ልትልከው?» አለው። ጋሽ ጌጡ ግን ደስታው ሌላ ነበር። «አንተ! ማዕዘኑ እኮ ልክ ነው!» አለና ሳይከራከር ገዛው። ሸማኔው መመስገኑ ይሁን መሰደቡ እስከ መጨረሻው አልገባውም።

ባለቤቱ እትዬ ዓለሚቱ ዓለም ከተማ ነበሩ። እናታቸው አልጋ ላይ ውለዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ እትዬ ዓለሚቱ ወደ ብርዱ መውጣት አይችሉም፤ መውረድ የነበረበት እሱ ነው። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ «ቦታ የለም» ይባላል። ሰማዩ ሲጠራ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ካለው አፋፍ ላይ ሆኖ ከገደሉ ማዶ የመርሐቤቴን ተራሮች ማየት ይቻላል። በመኪና ልሂድ ያለ ግን ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ እንደገና በሌላ አቅጣጫ መውረድ አለበት። በእግር ያለው አቋራጭ ደግሞ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል መውጣት ነው። ሥራ እያለ የሚሞከር አይደለም። እና ጋሽ ጌጡ ከትምህርት በኋላ አፋፉ ላይ ይቆማል፤ ባናውን ተከናንቦ ማዶ ማዶ ያያል። «ዓይኔ ደርሶ ተመልሷል፤ የቀረው እግሬ ነው» ይለኛል። እንደ ቀልድ ነው የሚናገራት፤ እኔ ግን አንጀቴን ትበላው ነበር።

አስተማሪነቱን ልንገራችሁ። ክፍልፋይ የሚባለውን ትምህርት እንደ ሃይማኖት ነበር የያዘው። መጽሐፉ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ለማባዛት አጭር መንገድ ነበረው፤ ላዕልን በላዕል፣ ታሕትን በታሕት፤ የላዩን ቁጥር ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ አባዝቶ መገላገል። ልጆቹም ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘው ፈተናውን ያልፋሉ። እሱን ያንገበግበው የነበረው ይኸው ማለፋቸው ነው። «ግማሽ ጊዜ ሲሶ ስንት ነው? ስላቸው ስድስተኛ ይሉኛል። የታለ ስድስተኛው? ስላቸው ሰሌዳውን ይጠቁሙኛል። ሰሌዳው ላይ ያለው እኮ ቁጥር ነው! ስድስተኛው የታለ?» እያለ እራት ላይ እኔን ያፋጥጠኛል፤ የደበቅኩበት ይመስል። «ዓይን ያላመነውን እጅ ቢጽፈው ምን ይረባል?»

ስለዚህ የማያሳየው ነገር አልነበረም። ዳቦ ይቆርሳል፣ ወረቀት ያጥፋል፣ ግቢው ውስጥ በጓሳ ሣር ገመድ አራት ማዕዘን ዘርግቶ ልጆቹን ያቆምበታል። ያም ሆኖ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከሉበት ነበር። የሲሶ ግማሽ ስንት ነው ሲላቸው፣ ደንቡን ከረሱ፣ «አንድ አራተኛ» ይሉታል። ሁሌም አንድ አራተኛ። ለምን እንደሆነ አልገባው አለ። ጥፋቱ የእሱ መስሎት በጣም ይጨነቅ ነበር።

ስለ ቆቡ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ብቻ ያወልቀዋል ብያችሁ ነበር። ልክ አልነበርኩም። ሌላም ጊዜ ነበር። ተማሪ በትክክል ሲመልስ «ጎሽ» ብሎ ያልፋል። ተማሪው እሱ ያላሰበውን ምክንያት አምጥቶ ሲረታው ግን ምንም አይናገርም፤ ቆቡን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ያወልቃል። መላጣው ብርዱ ውስጥ ብልጭ ይላል። ከዚያ መልሶ ያጠልቀዋል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ልጆቹ ለማርኩ ሳይሆን ያን መላጣ ለማየት ያጠኑ ነበር። ብዙዎቹ ሳያዩት ነው የጨረሱት።

እኔ በሦስተኛው ዓመቴ ላይ ሳለሁ የጋሽ ጌጡ ዕድል የተከፈተ መሰለ። ዓለም ከተማ አንድ የሒሳብ መምህር ቦታ ተገኘ። የሚቀረው የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር አይቶ ጥሩ ነጥብ መስጠት ብቻ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ፣ በየስብሰባው «የምን ግማሽ?» ያስመረራቸው እኚያው ሰውዬ፣ ጠርተው እኔ እየሰማሁ ለመኑት። «ጌጡ፣ በእመብርሃን ይዤሃለሁ። ለዛሬ ብቻ ጥያቄ አትፈልፍል። ላዕል በላዕል፣ ታሕት በታሕት፤ ምሳሌ፣ መልመጃ፣ የቤት ሥራ፣ ደወል። ሰውየው የሚያየው ዕቅድህንና ሰዓቱን ነው።»

«እሺ» አለ ጋሽ ጌጡ። ከልቡ ነበር እሺ ያለው። ወደ ዓለም ከተማ በሚሄድ ነጋዴ ለባለቤቱ መልእክት ልኮ ነበር፤ «ለፋሲካ በግ እንዳትገዢ፤ የመንዝ በግ እየነዳሁ እመጣለሁ» ብሎ።

ያን ቀን ትርፍ ጊዜ ስለነበረኝ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ከሱፐርቫይዘሩ ጎን ከኋላ ተቀመጥኩ። አጀማመሩ የሚያኮራ ነበር። ደንቡን ከሰሌዳው አናት ላይ በጥሩ ጽሑፍ ጻፈ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡ። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። እኔም ተንፈስ አልኩ።

«ምሳሌ» አለ ጋሽ ጌጡ፤ ሰሌዳው ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ሣለ። «ይህ ያንድ አባት ማሳ ነው። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው፤ ይህ አናቱ፣ ይህ ግርጌው። ለሦስት ልጆቹ አካፈለ።» ሁለት መስመር ከላይ ወደ ታች አወረደ። ልጆቹ ሁሉ ነቃ ነቃ አሉ፤ በዚያን ሰሞን የመሬት ክፍፍል ወሬ የማይወራበት ቤት አልነበረም። «ከሦስቱ አንዱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁለት ልጆች ትቶ ሞተ። እነሱ ደግሞ ሲሶውን እኩል ይካፈላሉ» ብሎ የሟቹን ሲሶ በአግድም ለሁለት ቆረጠው።

ክፍሉ አጉረመረመ። ከመሐል አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ተነሣች። ዘነበች ነበረች። አባቷ ሞቶባት ከትምህርት መልስ እናቷን በእርሻ የምታግዝ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ይኸ አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«ማሳ እንዲህ አይቆረጥም። አናቱ ጭንጫ ነው፤ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎ የሚያወርደው ወደ ግርጌው ነው። የላዩ የደረሰው ልጅ ድንጋይ ሊያርስ ነው? መሬት ከአናት እስከ ግርጌ በቁመቱ ነው የሚከፈል፤ ክፉውም ደጉም ለሁሉ እንዲደርስ።»

«እውነቷን ነው!» አለ ክፍሉ።

እኔ ሱፐርቫይዘሩን አየሁ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ጌጡ «ምሳሌ ነው፣ ተቀመጪ» ቢላት ያልቅ ነበር። እኔ ብሆን እላት ነበር። በልቤም «ኧረ በናትህ ተቀመጪ በላት» እያልኩ እለምነዋለሁ። እሱ ግን ጠመኔውን ዘረጋላት። «ነይ፣ እንደ አገርሽ ክፈይልኝ» አለ።

ዘነበች የአግድሙን መስመር አጠፋችና የሟቹን ሲሶ ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ለሁለት ከፈለችው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰፋፊና ሁለት ጠባብ ቁራጮች ሆኑ።

«ጎሽ። እንግዲህ አንዱ የሟች ልጅ የደረሰው ከአያቱ ማሳ ስንተኛው ነው?»

«አንድ አራተኛ!» አለ ክፍሉ። አንዱ ከኋላ «ግማሽ ነው» አለ። ስድስተኛ ያለ አንድ ልጅ አልነበረም፤ ደንቡ ግን እዚያው ፊታቸው ተጽፎ ነበር።

«አራቱ ቁራጮች እኩል ናቸው?»

«አይደሉም።»

«እኩል እንዲሆኑ እነዚህንም ለሁለት ለሁለት እንክፈላቸዋ» ብሎ ጠመኔውን ወደ ሌሎቹ ሲሶዎች ሲያስጠጋ ዘነበች እጁን ልትይዘው ምንም አልቀራት።

«እንዴ ጋሼ! እነሱ እኮ ድርሻቸውን ወስደው ተቀምጠዋል። በሰው መሬት ምን አግብቶን እናሰምራለን? ድንበር መግፋት ነው!»

ጋሽ ጌጡ ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ፊቱን አልረሳውም። ያን ሁሉ ዓመት «አንድ አራተኛ» የሚሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። ልጆቹ ሒሳቡ ጠፍቷቸው አልነበረም። የጎረቤትን ወሰን በጠመኔ እንኳ አንነካም ብለው፣ ያሉትን አራት ቁራጮች ብቻ ቆጥረው፣ በጨዋነታቸው ነው የተሳሳቱት።

ቀስ ብሎ ባናውን ከትከሻው አወረደና መሬት ላይ አነጠፈው። «ዙሩት» አለ። ክፍሉ ሁሉ ወንበሩን ትቶ ከበበው። «ይኸ የማን መሬት ነው?»

«የማንም» አሉ እየሳቁ።

«እንግዲያው የሚከሰን የለም።» ባናውን በቁመቱ ለሦስት አጠፈው። «ይህ ሲሶው። ግማሹን በየት በኩል ልጠፈው ዘነበች?»

ዘነበች አሰበች። «ባና ጭንጫ የለውም፤ በወርዱም ይሁን» አለች።

በወርዱ አጠፈው። ተደራርቦ ከወጣው ጥቅል ላይ የላዩን ፊት በጠመኔ ነጭ እስኪሆን ቀባው። ከዚያ እጥፉን እየፈታ ዘረጋው። ቡናማው ባና ላይ የእጥፉ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ወጥተው ነበር። ስድስት እኩል ቁራጭ፣ አንዱ ነጭ። «መስመሩ ሁሉም ላይ አርፏል። የማን ድንበር ተገፋ?»

«የማንም!»

አሁን ደግሞ ጠብ ተነሣ። ግማሾቹ፣ የክፍሉ ማለቴ ነው፣ «ነጩ ግማሽ ነው» ይላሉ፤ ሌሎቹ «ስድስተኛ ነው» ይላሉ። ልጆቹ ተጯጯሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። ጋሽ ጌጡ የሰማው አይመስልም፤ ከባናው ዳር ተንበርክኮ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየ ፊቱ በርቷል። መልመጃውም የቤት ሥራውም ውሃ በላቸው።

ዘነበች ድምጿን ከፍ አደረገች። «ምን ያጨቃጭቃል? ሁለቱም ልክ ናቸው። ነጩ ከሲሶው ግማሽ ነው፤ ከባናው ስድስተኛ ነው። ቁራጩ ያው ነው። ለየትኛው ነው የምትጠይቁት?»

ጋሽ ጌጡ ከተንበረከከበት ተነሣ፤ ቆቡን በሁለት እጁ አወለቀ። ደወሉ የተደወለው እሱ እንደዚያ ቆሞ ሳለ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁንም ጨብጦታል። ነገር ግን የያዘው ወረቀት «መልመጃ ተሰጥቷል? የቤት ሥራ ተሰጥቷል? ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ተጠናቋል?» ይላል እንጂ «ልጆቹ ገባቸው?» የሚል ቦታ አልነበረውም። ነጥቡ አነሰ። የዓለም ከተማው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወሬው በደረሰን ቀን ተቆጣሁት። ታላቄ ቢሆንም ተቆጣሁት። «ምን ነካህ? አንድ ቀን! አንዲት ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት? ቸኩለህ ብትጨርሰው ዛሬ ዕቃህን እያሰርክ ነበር።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለኝ።

«ተረት አልጠየቅኩህም።»

ቆቡን ወደ ጆሮው ጎተተ። «ልጅቷ እኮ እውነት ነበራት» አለ። «እውነት የያዘችን ልጅ ተቀመጪ ብዬ የማሳፍራት ለምንድነው? ሚስቴ ጋ ልሂድ ብዬ? ሄጄስ ዓለሚቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ትቶኝ ወደ አፋፉ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ያን ቀን ማዶው በጉም ተሸፍኖ መርሐቤቴ የሚባል አገር ያለም አይመስልም ነበር። ቢሆንም ወደዚያው ሲያይ ቆየ። ዓይኑ እንባ ሞልቶት አየሁ። ማየቴን ሲያውቅ «ጉሙ ነው፤ ዓይን ይገባል» አለኝ። ለባለቤቱም ሌላ መልእክት ላከ፤ በጉን እዚያው ይግዙ ብሎ።

ከዚያ በኋላ የአከራያችንን ልጅ አስቸግሮ የባናውን እጥፎች በነጭ ክር አሰፋቸው። ስድስተኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ በዚያ ባና ዙሪያ ተቀምጧል፤ አንድ አራተኛ የሚልም ጠፋ። እኔ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። እሱ ግን «ቦታ የለም»፣ «ምትክ ይምጣ»፣ «ለከርሞ» እየተባለ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ዝውውሩ ተሳክቶለት ተሰናብቶ የሄደ ዕለት፣ ዘነበች እንደነገረችኝ፣ የቀየት ሰው እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶታል። ቄሱም «የምንኩስናውን ቆብ ሳትጭን አመለጥከን» ብለውታል።

ለልቅሶ ዓለም ከተማ የወረድኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። ሙቀቱ ውስጥ ላቤ እየወረደ ገባሁ። እትዬ ዓለሚቱን ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንዴ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ወዲያው አወቁኝ። «ወጥ የማትሠራው አንተ ነህ» አሉኝ። ከጎናቸው መደቡ ላይ ያ ባና ተነጥፏል። ነጩ ክር ቢጫ ሆኗል እንጂ አልተበጠሰም። በዚያ ሙቀት ማንም አይለብሰውም፤ ለምን እንዳወጡት ገብቶኛል።

«ይኼን ታውቀዋለህ?» አሉ።

«አብሬው ነው የኖርኩት እትዬ።»

ለቀስተኛው ወጣ ሲልልን ነገሩኝ። «ጠቅልሎ የመጣ ዕለት ነው። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ይኼን መሬት ላይ ዘረጋው። ‹ዓለሚቱ፣ መንዝ ዕድሜያችንን በላው እያልሽ ታዝኛለሽ አሉ። ስንቱን እንደበላው ነይ ላሳይሽ› አለኝ። ‹ባናው በሙሉ የኔ ዕድሜ ነው በይ። ከተጋባን ወዲህ ያለው ይኼ ሲሶው ነው። የሲሶውን ግማሽ መንዝ ነበርኩ። አየሽ? የበላብን ይቺን ብቻ ነው፤ ከስድስት አንድ› አለ። ሊያጽናናኝ እኮ ነው። እንዲያ ደስ ብሎት።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ጌጡ፣ ያቺ ላንተ ከስድስት አንድ ናት› አልኩት። ‹ለኔ ግን ግማሽ ናት። እኔ ዕድሜ ብዬ የምቆጥረው ይኼን ሲሶ ነው፤ ሌላውን ባና አላውቀውም።›»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ቆቡን በሁለት እጁ አወለቀና እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ፊቴ ቆመ። በዚህ ሙቀት የሱፍ ቆብ አድርጎ መምጣቱም ገርሞኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ጋሽ ጌጡ ክፍል ውስጥ ቆቡን መቼ ያወልቅ እንደነበር፣ ለማን እንደሚያወልቅ፣ ስንቱ ልጅ ያን ሳያይ እንደቀረ ነገርኳቸው። እትዬ ዓለሚቱ እስክጨርስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም።

«ረትቼው ነበራ!» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው የባናውን አንድ ቁራጭ፣ ያችኑ የሲሶዋን ግማሽ፣ ዳሰሷት። «እኔ ደግሞ ሞቆት መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት።»